የያን ልጆች

ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሌር

ሰኞ ደብዳቤ አይበዛም። ብስክሌቱ ቀሎኝ፣ ዝናቡም አባርቶልኝ፣ በየደጃፉ የተለጠፈውን ስም እያነበብኩ ስሠራ ዋልኩ። ከቦዩ ዳር ባለችው አጭር መንገድ ላይ ብቻ ያንሰን የሚባሉ አራት ቤተሰቦች አሉ። ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸው፤ ሰላምታ ይለዋወጣሉ እንጂ አይዛመዱም። አንደኛው ስሙን በሁለት «ኤስ» ይጽፋል፣ ሌላው «ኤስሴት» በምትባለው የጀርመኖች ፊደል። ሥራውን ያለማመደኝ አንጋፋ ፖስተኛ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ «እዚህ አገር ያንሰን የሚለውን ተወው፤ የቤቱን ቁጥርና የሰውየውን የራሱን ስም ተመልከት» ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ የምሠራው በዚሁ ምክር ነው።

በሌላው የጀርመን ክፍል በብዛት የሚገኙት የቤተሰብ ስሞች የሙያ ስሞች ናቸው። በአገሪቱ አንደኛ የሆነው ሙለር ባለ ወፍጮ ማለት ነው፤ ሽሚት ቀጥቃጭ፣ ሽናይደር ልብስ ሰፊ፣ ፊሸር ዓሣ አጥማጅ፣ ቬበር ሸማኔ። እኛ አገር ቀጥቃጩም ሸማኔውም በሙያው ሲሰደብ ኖሯል፤ እዚህ ግን የልጅ ልጁ ስሙን በነሐስ አስቀርጾ በሩ ላይ ይለጥፈዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

የሆላንድ ድንበርና የሰሜን ባሕር ወደሚገናኙበት ጥግ፣ ወደ ኦስትፍሪስላንድ፣ ሲመጡ ደግሞ ስሙ ሁሉ ይለወጣል። ያንሰን፣ ሃርምስ፣ ዲርክስ፣ ኡበን፣ ናነን። «ሽተርን» የተባለውን መጽሔት የመሠረተው ሄንሪ ናነን የኤምደን ልጅ ነው፤ ስሙ ናነ ከሚባል የወንድ ስም የመጣ ነው። ሃርምስ የሃርም፣ ዲርክስ የዲርክ፣ ያንሰን የያን ልጅ። ያን ደግሞ ያው ዮሐንስ ነው። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ የማድለው ለዮሐንስ ልጆች ነው ማለት ነው።

ጥቅምት 8

ከታች ያሉት ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ዛሬ ከሰዓት ሻይ ጠሩን። የዚህ አገር ሻይ ወግ አለው፤ መጀመሪያ «ክሉንትየ» የሚሉት ትልቅ የስኳር ድንጋይ ስኒው ውስጥ ይገባል፣ ትኩሱ ሻይ ሲፈስበት ቷ እያለ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ክሬሙ በማንኪያ በጠርዙ በኩል ቀስ ብሎ ይለቀቃል። አይማሰልም። ሦስት ስኒ ሳይጠጡ መነሣትም ነውር ነው። ባለቤቴ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ ስትቆጥርላቸው ሴትዮዋ እጃቸውን አጨበጨቡ።

ልጅ እየጠበቅን መሆኑን ስለሚያውቁ ጨዋታው ወደ ስም ሄደ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ልጅ ከስሙ ቀጥሎ በአባቱ ስም እንደሚጠራ፣ ሴትም ስታገባ ስሟን እንደማትለውጥ ነገርኳቸው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው፣ «ታዲያ ቤተሰብ መሆናችሁ በምን ይታወቃል?» ይለኛል። እሳቸው ግን ምንም ሳይሉ ተነሥተው ከመደርደሪያው ወፍራም መጽሐፍ አመጡ። የእናታቸው መንደር ቤተሰቦች መዝገብ ነው። አውሪሽ ከተማ ያለው ኡፕስታልስቦም የተባለው የትውልድ ጥናት ማኅበር እነዚህን መጻሕፍት ከየአጥቢያው የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እያጠናቀረ ያሳትማል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር አለው። ባልና ሚስቱ ከላይ፣ ልጆቹ ከሥር ይሰፍራሉ፤ ካደገው ልጅ ስም አጠገብ ደግሞ አግብቶ የመሠረተው ቤተሰብ ቁጥር አለ።

በጣታቸው እየመሩ አሳዩኝ። በ1700ዎቹ (በዚህ ማስታወሻ የአውሮፓን ታሪክ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያን ሃርምስ የሚባል ገበሬ አለ። ያን የራሱ ስም ነው፣ ሃርም የአባቱ። የበኩር ልጁ ሃርም ያንሰን ይባላል። የዚያ ልጅ በኩር ደግሞ ተመልሶ ያን ሃርምስ ነው፤ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም የመጠራት ልማድ ስለነበራቸው። ሁለቱ ስሞች በየትውልዱ ቦታ እየተለዋወጡ እንደ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። የቤተሰቡን ቁጥር ጥሎ ስም ብቻ የተከተለ አንባቢ ሁለት ገጽ ሳይሄድ ይጠፋል።

«የእናንተም እንዲህ ነው?» አሉኝ። አያት በሕይወት እያለ ስሙን ለልጅ ማውጣት እኛ ቤት እንዳልተለመደ፣ የቀረው ግን ቁርጥ እንደ እነርሱ መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ ከአባቴ ጀምሬ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩላቸው። እርሳስ አንሥተው ሰባቱንም ስሞች በወረቀት ጻፉ፤ ሦስተኛው ላይ አስቁመውኝ እንድደግምላቸው ጠየቁ።

ጥቅምት 16

ይህ ልማድ እንዴት እንደቆመ ሳስብ ሰነበትኩ። ነገሩ ረጅም ቢሆንም መጻፍ አለብኝ።

ኦስትፍሪስላንድ የራሱ ገዢዎች የነበሩት አገር ነበር። የሲርክሴና ቤት በ1744 ወራሽ ሲያጣ ፕሩሲያ ወረሰችው። ከዚያ ናፖሊዮን መጣ፤ አገሩ በ1807 ለሆላንድ ተሰጠ፣ በ1810 ደግሞ አውሪሽን ዋና ከተማው አድርጎ የፈረንሳይ አንድ አውራጃ ሆነ። የፈረንሳይ መንግሥት ወታደር የሚመለምለውም ግብር የሚሰበስበውም በመዝገብ ነው፤ ለመዝገብ ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የማይለወጥ ስም ይመቻል። ነሐሴ 18 ቀን 1811 የወጣው አዋጅ ቋሚ የቤተሰብ ስም የሌለው ሁሉ ከንቲባው ዘንድ ቀርቦ ስም እንዲያስመዘግብ አዘዘ።

አንዳንዱ የእርሻውን ወይም የሙያውን ስም መረጠ። ብዙው ሰው ግን በእጁ ያለውን፣ ማለትም የአባቱን ስም፣ አስመዘገበ። ስንት ዘመን በየትውልዱ ሲለወጥ የኖረው ስም ያን ጊዜ በነበረው አባት ላይ ቆመ። አንዱ ቤተሰብ ዛሬ ያንሰን የሚባለው የተመዘገበው ሰው አባት ያን ሆኖ ስለተገኘ ብቻ ነው። አዋጁ ሠላሳ ዓመት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ እነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ቤት፣ ሃርምስ ተብለው በቀሩ ነበር።

ሰዉ ግን እሺ ብሎ አልተቀበለም። ፈረንሳዮች በ1813 ሲወጡ ብዙዎች ወደ ልማዳቸው ተመለሱ፤ ልጆቻቸውን እንደገና በራሳቸው ስም ማስጠራት ጀመሩ። ከ1815 በኋላ አገሩን የያዘው የሃኖቨር መንግሥት ትእዛዙን እንደገና ማውጣት ግድ ሆነበት። ጉዳዩ በደንብ የተዘጋው ፕሩሲያ በ1866 ተመልሳ ከገዛች፣ የመንግሥት የልደትና የጋብቻ መዝገብም ከጥቅምት 1 ቀን 1874 ጀምሮ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። ወደ ሰሜን በሽሌስቪግም የዴንማርክ ንጉሥ በ1771 እንዲሁ አዝዞ ነበር፤ እዚያም ልማዱ ቶሎ አልሞተም። በዚያ አካባቢ በያለበት የሚታዩት ሃንሰን፣ ፔተርሰን፣ የንሰን የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው።

እነዚህን ገበሬዎች እወዳቸዋለሁ። ጦር አላነሡም፣ አቤቱታ ይዘው አደባባይ አልወጡም፤ ልጅ በተወለደ ቁጥር የአባቱን ስም እየሰጡ ዝም ብለው ኖሩ።

ጥቅምት 23

ስለ ስሙ ብዛት ያነበብኩትን ሳልረሳው ልጻፍ።

የጀርመንን የቤተሰብ ስሞች በካርታ ያሰፈረው ትልቁ ሥራ በፍራይቡርጉ ኮንራድ ኩንዘና በማይንዟ ዳማሪስ ኑብሊንግ መሪነት የተዘጋጀው አትላስ ነው። ከ2009 እስከ 2018 በሰባት ቅጽ ወጥቷል። መሠረቱ የ2005 የቤት ስልክ ተመዝጋቢዎች ዝርዝር ነው። ያን ጊዜ መደበኛ ስልክ የሌለበት ቤት ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ወጣቱ በሞባይል ብቻ ስለሚኖር የስልክ ማውጫ የሰፈሩን ሰው አያሳይም። ከዚያ ወዲህ የገባነው እኛም በዚያ ካርታ ላይ የለንም።

ካርታው በሁለት መንገድ ይነበባል። የሰው ብዛት ብቻ ከተቆጠረ ሃምቡርግና ብሬመን ጎልተው ይወጣሉ፤ ትልቅ ከተማ ማንኛውም ስም በርከት ብሎ ይገኝበታልና። ከነዋሪው ቁጥር ጋር ሲመዛዘን ግን እውነተኛው አገሩ ይታያል። ቪትሙንድ፣ አውሪሽ፣ ሌር ይጠቁራሉ። የቪትሙንድ ወረዳ ነዋሪ 60 ሺህ እንኳ አይሞላም፤ መላው ኦስትፍሪስላንድም ግማሽ ሚሊዮን አይደርስም፤ ያንሰን ግን በዚህ ምድር እንደ ሙለር ያለውን የአገሪቱን አንደኛ ስም ከኋላው ያስከትላል። ሌላው ጥቁር ቦታ ከሆላንድ ድንበር ጋር የሚዋሰነው የታችኛው ራይን ነው፤ እዚያ ያንሰን በአንድ «ኤስ» መጻፍ ይበዛል። ወደ ደቡብ በወረዱ መጠን ስሙ እየሳሳ ይሄዳል፤ ባቫሪያ ሲደርሱ ቦታውን ሁበር ይረከባል። ሁበር ደግሞ «ሁበ» የሚባል የመሬት ይዞታ ካለው ገበሬ የመጣ ስም ነው። እዚያ ሰውን ያስጠራው መሬቱ ነው፣ እዚህ አባቱ።

በዚህ ነገር ሰዎች የሚሳሳቱት፣ ያንሰን ከበዛ ትልቅ ጎሳ አለ ብለው ስለሚያስቡ ነው። የስሙ ብዛት የሚነግረን ስሙ በረጋባቸው ዓመታት ስንት አባቶች ያን ይባሉ እንደነበር ነው። የቦዩ ዳር አራቱ ቤተሰቦች ከአራት የተለያዩ ያኖች የወረዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ዝምድና የሚፈልግ ሰው እንደ ፖፒንጋ ያለ ቁጥሩ ያነሰ ስም ቢይዝ ይሻለዋል። ይህንን ለፖስተኛው ባልደረባዬ ሳጫውተው፣ «የአያቴ ሁለት የሚዛመዱ ጎረቤቶች አንዱ ያንሰን፣ አንዱ ሃርምስ ነበሩ ይባላል፤ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አለኝ።

ኅዳር 1

ማታ ከአባዬ ጋር በስልክ ብዙ ተነጋገርን። ወረቀቶቼ ሁሉ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የገባው የእሳቸው ስም ነው። ነገሩ በጀርመን ደንብ እንዲሁ ከተተወ ልጃችን የምትመዘገበው በስሟና በአባዬ ስም ይሆናል። የሚደሰቱ መስሎኝ ነገርኳቸው።

«እና አንተ የት ሄድክ?» አሉኝ።

«እዚህ ደንቡ ነው፣ አባዬ።»

«ደንብ ይሁን። ልጅ አባቷን ዘልላ በአያቷ ትጠራለች? ስሜን ከፈለገች እየቆጠረች ትደርስበታለች።»

ይህን ካሉ በኋላ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ዋጋ አወሩኝ፤ እኔ ግን ሐሳቤ አልተነሣም። እንደ ዕድል ሆኖ ሕጉ ራሱ ተለውጧል። የጀርመን ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 ያጸደቀው አዲሱ የስም ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ይሠራል። የፍሪስያ ተወላጆች፣ የኦስትፍሪስላንድ ሰዎችም ጭምር፣ እንደ አባቶቻቸው ከወላጅ የመጀመሪያ ስም ለልጅ የቤተሰብ ስም ማውጣት እንዲችሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከአባት ብቻ ሳይሆን ከእናትም ስም። በምሥራቅ ያሉት የሶርብ ሴቶችም በቋንቋቸው ልማድ የሴት መድረሻ ያለው ስም መያዝ ይችላሉ። ሁለት መቶ ዓመት የተዘጋው በር ተከፈተ።

ለእኛ የሚመለከተው ሌላው አንቀጽ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ስም በመሠረቱ የሚተዳደረው በሚኖርበት አገር ሕግ ነው፤ የዜግነት አገርን ሕግ መምረጥ ግን ይቻላል። ልጃችን በእኔ ስም እንድትጠራ የምንጠይቀው በዚህ ነው።

ባለቤቴ ከእኔ የተለየ ሐሳብ አላት፣ ሐሳቧም ከባድ ነው። «ስሙ ግድ የለኝም፤ ብቻዬን ይዣት አውሮፕላን ጣቢያ ስደርስ ነው የምፈራው» አለችኝ። አንዲት ጓደኛዋ ልጇ በሌላ ስም ስለተጻፈ ብቻ የራሷ ልጅ መሆኗን አስረጂ ተብላ ቆማለች። እኔ የልደት ወረቀቷን ሁልጊዜ ከፓስፖርቱ ጋር እንይዛለን ብዬ መለስኩ። ለጊዜው በዚህ ተስማማን፤ ተስማማን ስል ግን ጉዳዩ ከሆዷ ወጥቷል ማለቴ አይደለም።

ኅዳር 5

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም አለው ይላል። የቤተሰብ ስም! ስድሳ አምስት ዓመት ሙሉ በመጽሐፍ ተጽፎ ሲኖር ከኛ ሰው ስንቱ ሰምቶታል? እናቴ አልሰማችም፤ አራት ልጆች አስመዝግባ አሳድጋለች። ለጎረቤታችን ይህን ስነግራቸው እየሳቁ፣ «እናንተም ፍሪስያውያን ናችኋ!» አሉኝ። ቃላቸውን እንደ ምርቃት ተቀብያለሁ።

የፊታችን ማክሰኞ መዝገብ ቤት ቀጠሮ አለን። ሁለት ፓስፖርት፣ የጋብቻ ወረቀታችን ከነተረጋገጠ ትርጉሙ፣ የሁለታችንም የልደት ምስክር ወረቀት፤ ሁሉም በአንድ ፎልደር ገብቷል። እኔ የምጠይቀው የሕግ ምርጫችንን አሁን እናስመዝግብ ወይስ ከወለደች በኋላ የሚለውን ነው። ባለቤቴ ደግሞ የእሷን ጥያቄ በጀርመንኛ ጽፋ ፎልደሩ ላይ ለጥፋለች፦ ለፍሪስያ እናቶች የተፈቀደው ለእኔስ በየትኛው አንቀጽ ይከለከላል?