በኪሎ የሄደው ሌኛኖ

ሌኛኖ የሚባለውን የሚላኖ ብስክሌት ለመለየት ስሙን ማንበብ የግድ አይደለም። የኮርቻውን ዘንግ ጨብጦ የሚይዘው ቡሎን በሌሎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ በኩል ይውላል፤ በሌኛኖ ላይ ግን ከፊት ነው፣ የላይኛው ቱቦ ከቋሚው ጋር ከሚጋጠምበት ላይ። ቀለም ቢደራረብበትም፣ ጽሑፉ ቢፋቅም ይህ ምልክት ቦታውን አይለቅም። ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አጠና ተራ፣ ከጡረተኛው ጎረቤታችን ከጋሼ አጥር ሥር ተደግፎ ስንት ክረምት የወረደበት ብስክሌት ቡሎኑ ከፊት ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአጠገቡ አልፏል። ልጆች ጎማ በሌለው ቸርኬው ተጫውተዋል። አንዳችንም ግን ጎንበስ ብለን ምንነቱን አላየንም።

አሁን የለም። ጋሼ አርፈው አርባቸው ከወጣ በኋላ ግቢው ሲጸዳ፣ ከተሰበረ የብረት አልጋና ዝገት ከበላው በርሜል ጋር ለቁራሌ በኪሎ ተሸጠ። በባለቤታቸው አልፈርድም፤ የነገራቸው ሰው የለም። መንገር የነበረብን እኛ ነበርን።

የሚያንገበግበኝ ዋጋው አይደለም፤ ምንም እንኳ ዋጋም ቢኖረው። ጣሊያን አገር፣ በኪያንቲ ኮረብቶች፣ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኤሮይካ የሚባል ጉዞ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የሚገባበትም ከ1987 በፊት በተሠራ የእሽቅድድም ብስክሌት ብቻ ነው። ለዚያ ሲሉ ጎተራና ምድር ቤት የሚበረብሩ ሰዎች አሉ። እኛ የሚበረበር ጎተራ እንኳ አላስፈለገንም። በራፋችን ላይ ነበር።

አሮጌ ብስክሌት ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ ብረቱና የነዳው ሰው። አጠና ተራ ላይ ሁለቱም በአንድ ግቢ፣ ጥቂት እርምጃ ተራርቀው፣ ለዓመታት አብረው ኖሩ። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ «በጎረምሳነቴ ተወዳድሬበታለሁ» ይሉ ነበር። እኛም «አይ ጋሼ!» ብለን እናልፋለን። የት ተወዳደሩ? ከእነማን ጋር? ከማን ገዙት? አገሩን ለቆ ከሚሄድ ጣሊያን ነው ወይስ ከአስመራ የመጣ? ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ይበቃ ነበር።

ይህ ተራ የሽማግሌ ወግ ላይሆን ይችል ነበር። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከላከቻቸው 12 ስፖርተኞች አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ። ገረመው ደንቦባ የነበሩበት ያ ቡድን በጎዳና ውድድር 9ኛ ሆኖ ጨረሰ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። ጋሼ የዚያ ዘመን ጎረምሳ ነበሩ። ከእነዚያ ልጆች ጋር በአንድ መንገድ ላይ ላብ አፍስሰው ከሆነ፣ ያን የሚያውቀው ሰው አብሮ ተቀብሯል።

ብረቱስ ቢሆን ስንት ነገር ይናገር ነበር! ገልብጦ የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበትን ቱቦ ሆዱን፣ ከዚያም የኮርቻውን መጋጠሚያ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ማበስ ነው፤ የተመታው መለያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ይገኛል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግን ፈጽሞ አይገባም። ሰፈር ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ የተቀባው ቀለም ሥር የፋብሪካው ቀለም ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከተፋቀ ማንም አይመልሰውም። ከመሪው በታች ግንባሩ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉ የተነቀለ አርማ ቦታ ናቸው። የሌኛኖ አርማ ሰይፉን ወደ ላይ ያነሣ ተዋጊ ነው። በጋሼ ብስክሌት ግንባር ላይ ሁለቱ ቀዳዳዎች ነበሩ። ይህን አስታውሳለሁ፤ ከቡሎኑ ሌላ የማስታውሰውም ይህን ብቻ ነው።

የሚላኖን ሥራ ከእንግሊዝ ከተማዋ ከኖቲንግሃም ሥራ ለመለየት አንድ መፍቻ ይበቃል። በእንግሊዝ ብስክሌት የፔዳሉ ዘንግ የቀኝ ክዳን ጥርሱ ግራ ነው፤ በጣሊያን ሥራ ግን ሁለቱም ክዳኖች ቀኝ ናቸው። የኖቲንግሃሙ ራሌ ከሆነ ደግሞ ባለሦስት ማርሹ የኋላ ሞዞ (የጎማው እምብርት) ላይ ወርና ዓመት ተመትቶበት ይገኛል። የሞዞው ቀን ግን የሞዞው ነው፤ ጎማ ይቀያየራል፣ ስለዚህ ቴላዮውን፣ ማለትም የብስክሌቱን አጽም፣ ለብቻው መጠየቅ ያሻል። አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ለማወቅ ከመሪው ግንድ ጀርባ ባሉት ሁለት ቱቦዎች ሆድ ላይ አውራ ጣትን ማስኬድ ነው፤ ብረቱ ካበጠ ወይም ከተጨማደደ ከፊት ተላትሞ ያውቃል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብም ትምህርት ቤትም አያስፈልግም።

አስመራ ጣሊያን የተወውን ብስክሌት የራሷ አደረገች፤ የኤርትራ ዙር ውድድር በ1946 (እ.ኤ.አ.) ነው የተጀመረው፤ እስከ ዛሬም ሽማግሌዎቿ በአሮጌ ብስክሌት ይሄዳሉ። እኛ ዘንድ አሮጌ ብረት መንገዱ አንድ ነው። ከኮልፌ ቁልቁል ወደ ምናለሽ ተራ፣ ከዚያ ወደ ማቅለጫው፣ ከዚያ ፌሮ ሆኖ ወደ ኮንክሪት ውስጥ። ስንቱ ቁጥር ሳይነበብ በዚያ መንገድ እንደሄደ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

አንድ ነገር በተለይ አይለቀኝም። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጣሊያኑ ፋብሪካ ካምፓኞሎ «ካምቢዮ ኮርሳ» የሚባል ማርሽ ይሠራ ነበር። ጋላቢው እየሄደ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ በአንዱ ዘንግ ጎማውን ያላላል፣ በሌላው ካቴናውን ያሻግራል፤ ጎማው የሚንሸራተትበት የቴላዮው የኋላ ጫፍም ለዚሁ ተብሎ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣለታል። ጂኖ ባርታሊ የ1948ቱን ቱር ደ ፍራንስ ያሸነፈው በዚህ ማርሽ ነው። ማርሹ ተነቅሎ ቢጠፋ እንኳ ጥርሱ ቴላዮው ላይ ይቀራል፤ የጋሼም ብስክሌት ለዚህ ማርሽ የተሠራ የእሽቅድድም ብስክሌት መሆን አለመሆኑን ለማረጋገጥ የኋላ ጫፉን በጣት መንካት ብቻ ይበቃ ነበር። ጥርስ ነበረው ወይስ አልነበረውም?