ያልተዋበ ገላ

በቋንቋችን ራቁትን ሰውነት የሚመለከቱት ቃላት አብዛኞቹ ከነውር ጋር የተቆራኙ ናቸው። ገመና እንላለን፤ ሐፍረተ ሥጋ እንላለን፤ ሁለቱም ሊሸፈን የሚገባውን እንጂ ሊታይ የሚገባውን አያመለክቱም። ስለዚህም አንድ ሠዓሊ ልብስ የሌለውን ሰው ሥሎ በፊታችን ሲያቆም አስቀድሞ የሚመጣብን ሐሳብ «ምን ለማለት ነው?» ሳይሆን «እንዴት ደፈረ?» የሚለው ነው።

በአሰላ ከተማ ለተማሪዎቻችን ስለ ሥዕል ስናስረዳ ይኸው ነገር ገጥሞናል። ያሳየናቸው ጀርመናዊቱ ሠዓሊ ፓውላ ሞደርዞን ቤከር በ1906 (ዘመናቱ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ ሳለች የሣለችውን የራሷን ምስል ነው። ከወገቧ በላይ ራቁቷን ናት፤ በአንገቷ ረዘም ያለ ሐብል፣ በዳሌዋ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ሁለቱ እጆቿ ገፋ ያለ ሆዷን ከላይና ከታች ይዘውታል። ነፍሰ ጡር ትመስላለች፤ በዚያን ጊዜ ግን አልፀነሰችም ነበር። በሥዕሉ ላይ በሠላሳ ዓመቷ፣ በስድስተኛው የጋብቻዋ መታሰቢያ ቀን እንደ ሣለችው ጽፋ የፈረመችው የባሏን ስም ትታ ነው፤ ባሏን ጥላ ወጥታ ነበርና። እንግዲህ በሆዷ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እኛ ገና ያልተወለደው ሥራዋ ነው ብለን እንተረጕመዋለን። በኋላ ከባሏ ጋር ታርቃ ወለደች፤ በወለደችም ሦስት ሳምንት ሳይሞላት፣ በኅዳር ወር 1907፣ ሞተች።

ከተማሪዎቹ አንዱ «ይህች ሴት ስለምን አላማረችም?» አለ። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም የነገሩ ሥር ያለው ከዚያው ነው። የናዚ መንግሥት በ1937 የእርሷንና የብዙ ኤክስፕሬሽኒስት ሠዓልያንን ሥራ «የተበላሸ ጥበብ» ብሎ ከሙዚየሞች ሲያስወጣ፣ በፋንታው ያቆመው እንደ እብነ በረድ የለሰለሰ፣ እንከን የሌለበት ገላ ነበር። ራቁትነትስ በዚያም ነበረ፤ የተከለከለው ድካሙና ጕብጠቱ ነው።

በአርሲ ደጋ ብርዱ ሰውን በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያኖረዋል። የጭላሎ ነፋስ በሚወርድበት ማለዳ የሰው ፊት እንኳ በቅጡ አይታይም። ታዲያ የሌላውን ሰው ገላ መቼ እናያለን? አራስ ስትታጠብ፣ በሽተኛ ሲገላበጥ፣ ሬሳ ሲገነዝ። በእነዚህ ሰዓቶች «አማረ፣ አስጠላ» የሚል ሰው የለም፤ ልጅ ወልዶ የላላ ሆድ፣ እንስራ ተሸክሞ የጐበጠ ትከሻ፣ አጨዳ ያሻከረው እጅ እንዳለ ይታያል። አንዲት የገበሬ ልጅ ሥዕሉን አይታ «እናቴ ከወለደች በኋላ እንዲህ ነበረች» ብላ ዝም አለች። ከእኛ የረዘመ ማብራሪያ ይልቅ የእርሷ ቃል ክፍሉን ጸጥ አሰኝቶታል።

የአገራችን ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በ1963 ጎልጎታን በሣለ ጊዜ ሌላ ነገር የሻ አይመስለንም። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የተሰቀለው ጌታ ደም ቢፈስሰውም ሥርዓቱ የተጠበቀ፣ መስመሩ የረጋ ነው፤ ምእመኑም ገና ሲያየው ያውቀዋል። በጎልጎታ ግን ሁሉን የሞላው ቀዩ ቀለም ነው። ስለ ምን ጠቢቡ ውበትን ነፈገን ብለን ብንጠይቅ፣ ሥቃይን በጌጥ ማለፍ አልፈለገምና ብለን እንመልሳለን። ሥዕሉን እንደ ድፍረት የሚቆጥረው ሰው የስቅለት ዕለት በስግደት የደከመውን የራሱን ጕልበት ያስታውስ።

ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርገን ለአንድ በዕድሜ ለሚበልጡን የሥራ ባልደረባችን አሳየናቸው። እርሳቸው አስቀድሞ መጽሐፉ ከተማሪዎች እጅ እንዲወጣ አሳስበውን የነበሩ ናቸው። በጎልጎታ ፊት ብዙ ቆዩ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ። ወደ ፓውላ ምስል ሲመለሱ ግን፣ ያ ነጭ ጨርቅ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢታጠቅ ኖሮ ሥዕሉ ምን ይጐድለው ነበር ብለው ጠየቁን፤ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማንም።