ማሩና ገብሱ

ከቀማሹ ፊት ሁለት ብርጭቆ ቀርቧል። በሁለቱም ያለው በሰሜን ስኮትላንድ፣ በቴይን ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1843 ዓ.ም. የተቋቋመው ግሌንሞራንጂ ያወጣው የብቅል ውስኪ ነው። አንደኛው ቀድሞ ቡርበን በያዘ የባሉጥ በርሜል 10 ዓመት ከርሟል። ሁለተኛው ግን ከዚያ በኋላ፣ ሶተርን የተባለው የፈረንሳይ ጣፋጭ የወይን ጠጅ ወደ ነበረበት በርሜል ተገልብጦ፣ 2 ዓመት ያህል ተጨማሪ ተኝቷል።

ቀማሹ ይህን ሁለተኛውን ሲጠራጠረው ኖሯል፤ የሰው ልብስ ተውሶ ሠርግ የሚሄድ ይመስለው ነበርና።

አፍንጫውን አስጠጋ፤ ማርና የብርቱካን ልጣጭ ሸተተው። ተጎነጨ። ጣፋጩ ምላሱ ላይ ሳስቶ ሲያልፍ፣ ያ የመጀመሪያው ብርጭቆ አበባ አበባ የሚል ቅለት ከሥሩ ብቅ አለ። ይህ የበርሜል ስጦታ አይደለም። አረቄው የሚወጣባቸው የመዳብ ጋኖች አንገት ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ የቀጭኔን ሙሉ ቁመት ያህላል። እዚያ ጫፍ የሚደርሰው ቀጭኑ እንፋሎት ብቻ ሲሆን፣ ከባዱ መንገድ ላይ ቀዝቅዞ ይመለሳል።

ጥቂት ውሃ ጨመረበት። ማሩ ሸሸት አለ፤ ገብሱ ቀረ። ቀማሹ ልብሱ የተውሶ መሆኑን ዛሬም አይክድም፤ ልኩ ግን የለባሹ ነው ይላል። ጥቂት ዓመት ቢደገም ኖሮ ወይኑ ገብሱን ይውጠው ነበር ባይም ነው።