የእማማ ሂሳብ

ዛሬ ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ብር መፍታት ጀመሩ።

ከኋላ አንድ ወጣት «የእማማን ከኔ ቁረጥ» አለ። ቀና እንኳ አላለም፤ ስልኩን እየነካካ ነው።

ከዚያ የታክሲው አየር ተለወጠ። እስካሁን በመልስ ሲነታረክ የነበረው ረዳት ዘንቢላቸውን ተቀብሎ አመቻቸላቸው። በር አጠገብ ያለችው ልጅ ቦታዋን ለቀቀችላቸው። ሾፌሩም ከፌርማታው አለፍ ብሎ ቅያሳቸው አፍ ላይ አወረዳቸው (ትራፊክ አላየውም እንጂ!)።

እማማ ምርቃቱን ለሁላችንም አዳረሱት። እኔም ምንም ሳላደርግ ተመረቅሁ 😄

ደግነት ይጋባል መሰለኝ።

ወዲያው ትዝ ያሉኝ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ አዲስ አበባ የመጡት በ1951 ዓ.ም. ነው። ማሚቱ ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩ፣ በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ ያገኛቸው የገጠር ልጅ ነበሩ። በሐምሊኖች እጅ ታከሙ፤ ግን ከሆስፒታሉ አልሄዱም። አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ በቀዶ ጥገና ክፍል መሣሪያ አቀባይ ሆኑ። ኋላ ራሳቸው ቀዶ ጥገና ሠሩ፣ ሐኪሞችንም አሠለጠኑ።

እኔን የሚገርመኝ ሐምሊኖች «ድናለች፣ ይበቃል» አለማለታቸው ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ የታክሲ መክፈል ቀላል ነው። እጅ ይዞ ዓመታት ማስተማር ግን ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል።

እስቲ ንገሩኝ፦ እናንተን እሱ ራሱ ሳያውቀው ደግ ያደረጋችሁ ሰው ማን ነው? ጎረቤት? አለቃ? ወይስ ስሙን እንኳ የማታውቁት መንገደኛ?