ከአንጥረኛው ደጃፍ

በየዓመቱ በሆሳዕና ዕለት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ልጆች የተባረከውን ዘንባባ ሰንጥቀው ቀለበት ይሠሩበታል። እኛ በሀቢቾ ስንኖር ይህን ሳናይ ያለፈ ዓመት የለም፤ የበዓሉን ስም በያዘችው በሆሳዕና ከተማ አቅራቢያ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ የዘንባባው ቀለበት ልዩ ደስታ አለው። ዋጋ የለውም፤ በጥቂት ቀንም ይደርቃል፤ ይሁን እንጂ ማን እንደ ሠራው ለማንም እንደ ሠራው ይታወቃል። ዛሬ ስለ ጌጥና ስለ ጌጥ ሠሪዎች ልንጽፍ ስንነሣ ይህን ማስታወሳችን ያለ ምክንያት አይደለም። ለልጃችን የገዛነውን ጌጥ ማን እንደ ሠራው ሳናውቅ ቀርተን ስላፈርን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የበኵር ልጃችን በተክሊል ልታገባ በተቃረበች ጊዜ የብር መስቀል ከነድሪው ልንሰጣት አሰብን። ባለቤታችን፦ «በገበያው ዳር ያሉት አንጥረኛ ይሥሩላት» ብላ ነበር። እኛ ግን፦ «ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን ዕቃ ከጭስ ቤት አይወጣም» ብለን መለስንላት። ከዚያም ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘን አዲስ አበባ ደረስን፤ መስተዋቱ ከሚያብረቀርቅ አንድ ትልቅ መደብር ገባን፤ መስቀሉንም በሚያምር ሣጥን አስጠቅልለን፣ ደረሰኝ ተቀብለን፣ ደስ ብሎን ተመለስን። ሻጩ ንጹሕ ብር ነው ብሎን ነበር።

አንድ ክረምት ሳያልፍ የመስቀሉ ጠርዝ ቢጫ ሆነ፤ ማንጠልጠያውም ተሰበረ። ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ በሄድን ጊዜ ወደዚያው መደብር ይዘነው ገባን። የተሰጠን መልስ፦ «እኛ እንሸጣለን እንጂ አንጠግንም» የሚል ነበር። ስለዚህ በመጨረሻ የሄድነው አስቀድመን ልንሄድበት ይገባን ወደ ነበረው ደጃፍ ነው።

የአንጥረኛው ቤት አንዲት ክፍል ናት። በመካከሏ የከሰል ምድጃ አለ፤ ከምድጃው ጎን ወናፍ፣ በእንጨት ጉማጅ ላይም የተተከለ መስፍ ይታያል። መዶሻው፣ ጉጠቱና ሞረዱ ልክ እንደ ንዋየ ቅድሳት በየቦታቸው ተሰድረዋል። ሽማግሌው መስቀሉን ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት፤ በሞረዳቸውም ጠርዙን ጥቂት ነካ አድርገው አሳዩን። «መምህር፣ ይህ ናስ ነው፤ ብሩ ልብሱ ብቻ ነው» አሉን። ምንም አልተሣለቁብንም። ማንጠልጠያውን በየዱልንና የማይረባ ዋጋ ጠየቁን።

ልንወጣ ስንነሣ ግን፦ «ልጄን ያስተምሩት ነበር፤ ያስታውሱት ይሆን?» ብለው ጠየቁን። በመጀመሪያ አላስታወስነውም። እርሳቸውም ቀስ ብለው፦ «ከፊተኛው ወንበር አንሥተው ለብቻው ያስቀመጡት ልጅ ነው» አሉን።

ያን ጊዜ ሁሉም ትዝ አለን። በዚያ ክፍል ልጆቹ ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር አንቀመጥም ብለው አስቸግረው ነበር። እኛ ገና ወጣት መምህር ነበርን፤ የክፍሉ ጸጥታ እንዳይታወክ ስንል ያስነሣነው ተሳዳቢዎቹን ሳይሆን ተሰዳቢውን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። የት እንደ ደረሰም አልጠየቅንም። አባቱ እንደ ነገሩን፣ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወርቅ ቤት ጓዳ ይሠራል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሸጠው ሌላ ሰው ነው። እንግዲህ እኛ እዚህ የናቅነውን እጅ እዚያ ሄደን፣ መስተዋት ጋርዶት ሳለ፣ በክብር ልንገዛው እንችል ነበር ማለት ነው።

በሀዲያና በከምባታ ምድር ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከጋብቻም ከማዕድም ተለይተው የኖሩበት ዘመን ረጅም ነው፤ ይህ ነውር ግን የአንድ አውራጃ ብቻ አይደለም። በሰሜኑም ባለ እጁን ጠይብ፣ ቡዳ እያሉ ማራቅ የተለመደ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የበሽታውን ጥልቀት ያሳያል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ አዋጁን ሽረነው ነበር።

ለክርስቲያን ደግሞ ከአዋጁ የሚበልጥ ትእዛዝ አለው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እንደምናነበው፣ እግዚአብሔር የድንኳኑን ሥራ በሰጠ ጊዜ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ መንፈሱን ሞላበት። ጌታችንም በገሊላ የጸራቢ ልጅ ተብሎ ተጠርቷል። ካህኑ የሚባርክበት መስቀል፣ ጽናጽሉና ጽናሐው ሁሉ ከእሳት ዳር የተነሡ ናቸው። የእጁን ሥራ እየተሳለምን እጁን ብንጸየፍ አምልኮታችን ምን ዓይነት ነው?

ወደ ነገራችን እንመለስና፣ በሳምንቱ ከቤታችን ሣጥን የወላጅ እናታችንን የተሰበረ አልቦና አንድ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አውጥተን ከልጃችን ጋር ወደ አንጥረኛው ሄድን። ይህ ጠገራ በየትኛውም ዓመት ቢመታ ፊቱ ላይ የሚነበበው 1780 ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የኢትዮጵያ አዲስ ገንዘብ በ1937 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ በገበያችን ሲገበያዩበት ኖረዋል፤ ብዙው የእናቶቻችን ጌጥም ከእርሱ ቀልጦ የወጣ ነው።

አንጥረኛው ብሩን በፊታችን መዘኑት። መስቀሉን አስቀድመው በንብ ሰም ቀረጹ፤ ሰሙን በለሰለሰ ጭቃ ሸፈኑት፤ ጭቃው ከደረቀ በኋላ በእሳት አግለው ሰሙን አቅልጠው አፈሰሱት። ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠውን ብር ጨመሩበት። ብር እስኪቀልጥ 962 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋልና ወናፉ ለረጅም ጊዜ አላረፈም። ጭቃው ሲሰበር ሻካራ መስቀል ወጣ፤ እርሱን በሞረድ ማስተካከልና ማስዋብ ደግሞ ብዙ ቀን ወሰደ።

ይህን ቆመን ስናይ እጅግ ተደነቅን። በቅኔ ቤት ሳለን ሰምና ወርቅን ተምረናል፤ ሰሙን ከወርቁ ለይተን ስንፈታም መምህራችን ይደሰቱብን ነበር። የትምህርቱ ስም ከአንጥረኛ ሥራ የተወሰደ መሆኑንም በቃል እናውቅ ነበር። ሰሙ ሲፈስ ወርቁም በቦታው ሲተካ በዓይናችን ያየነው ግን ያን ቀን ብቻ ነው። የሊቃውንቱ ጥበብ ስሙን ከዚህ ምድጃ ሲበደር፣ እኛ ደቀ መዛሙርቱ የምድጃውን ልጅ ከወንበር አስነሣነው።

አንባቢዎቻችን ትልልቅ መደብሮች ሁሉ ያታልላሉ፣ አንጥረኛ ሁሉ ጻድቅ ነው እንዳልን አድርገው እንዳይወስዱብን እንለምናለን። ሐቀኛ ነጋዴ አለ፤ ብር ከመዳብ አብዝቶ የሚደባልቅ አንጥረኛም አይጠፋም። ጥቂት መዳብ ግን ብርን ያጠነክረዋልና ነውር አይደለም፤ በዓለም የታወቀው የጌጥ ብር ከሺህ እጅ 925 ንጹሕ ሆኖ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ስለዚህ ጌጥ የሚያሠራ ቤተ ሰብ ብሩን በፊቱ ያስመዝን፤ የንጽሕናውን መጠንና የእጅ ዋጋውን አስቀድሞ ተነጋግሮ በወረቀት ያስፍር። ሰርጉ ሲደርስ ከማጣደፍ ይልቅ ወር ቀደም ብሎ ይዘዝ። በሣጥን የተቀመጠ ስባሪ ጌጥ ቢኖረው ይውሰደው። በመደብር መስተዋት ፊት ያለ ክርክር የሚከፍለውን ሰው በአንጥረኛው ደጃፍ ላይ ስለ ድካም ዋጋ ሲከራከር ማየት ያሳዝናል። እኛ የከፈልነው ከመደብሩ ብዙ አላነሰም፤ ነገር ግን ገንዘቡ እዚሁ ቀረ፤ መስቀሉ ቢሰበርም የሠሩትን ሰው ደጃፍ እናውቀዋለን።

መስቀሉን በተቀበልንበት ቀን ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅናቸው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፤ ልጁን ግን ራሱን ይጠይቁት» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ የልጅን በደል አባት ይቅር ሊልለት አይችልም። በመስከረም፣ ለያሆዴና ለመስቀል በዓል የሄደው ሁሉ ወደ ወላጆቹ ሲመለስ፣ እኛም ወደ አንጥረኛው ቤት ሄደን ያን ልጅ፣ አሁን ሙሉ ሰው ሆኖ፣ አገኘነው። የተናገርነውን እስክንጨርስ ዝም ብሎ ሰማን። ከዚያም፦ «መምህር፣ ያን ጊዜ ሰሌዳው ከኋላ ሆኖ አይታየኝም ነበር» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ ቡና ሲቀርብ ግን ወንበሩን ወደ እኛ አስጠግቶ ተቀመጠ።

ልጃችን ዛሬ የምታስረው ያን የአንጥረኛውን መስቀል ነው። እኛም በክፍላችን ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ በየጠዋቱ እንመለከታለን። የባለ እጁን ሥራ በደረታችን ላይ የምናኖር ሁላችን፣ ባለ እጁንም ከማዕዳችንና ከወንበራችን እንዳናርቀው አምላከ ቅዱሳን ልቡና ይስጠን።