ዐሥራ ሦስት ሴንቲ ሜትር

የተወረወረን ነገር ፍጥነት ለመለካት ውድ መሣሪያ የሚያስፈልግ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ግን አንድ ቀን ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጡ የብረት ኳሶች፣ ታችኛው ጫፉ በአግድም እንዲተኛ የተቆለመመ የቆርቆሮ መንሸራተቻ፣ ቱንቢና ካርቦን ወረቀት ይዘው ገቡ። ሰዓት እንኳ አልያዙም።

«ሰዓቱ ጠረጴዛው ነው» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጠረጴዛ ጫፍ በአግድም የምትወረወር ኳስ ወደ ፊት ብትፈጥንም ብትዘገይም መሬት ለመድረስ የሚፈጅባት ጊዜ አይለወጥም፤ ጊዜውን የሚወስነው የጠረጴዛው ከፍታ ነው። ጠረጴዛችን 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስለ ነበረው ለመውደቅ 0.4 ሴኮንድ ያህል ይበቃታል። እንግዲህ ቱንቢውን ከጠረጴዛው ጫፍ አውርዳችሁ ወለሉ ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። ከዚያ ምልክት ተነሥታችሁ፣ ኳሷ ካርቦኑን መትታ ነጩ ወረቀት ላይ እስከ ተወችው ነጥብ ያለውን ርቀት ትለካላችሁ። ይህንም ለጊዜው ስታካፍሉት ፍጥነቷን ታገኛላችሁ።

ኳሷን የምንለቃት ከጠረጴዛው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ነበር። እኔ በሒሳብ ችሎታዬ እመካ ስለ ነበር ሳንለካ በፊት መልሱን በደብተሬ አውጥቼ ጨርሻለሁ። ከዚያ ከፍታ የወረደ ነገር በሴኮንድ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት ይኖረዋል፤ ስለዚህ ኳሷ 80 ሴንቲ ሜትር ርቃ መውደቅ አለባት። ጓደኛዬ ተንበርክኮ ለካ። 67። ደግመን ለቀቅናት፤ አሁንም 67። አምስት ጊዜ ሞከርን፤ አምስቱም ነጥቦች አንድ ሳንቲም ሊሸፍናቸው እስኪችል ድረስ ተጠጋግተው ዐረፉ።

«መለካት አታውቅም» አልሁት። ቱንቢውን አጣምመህ ይዘሃል ብዬም ወቀስሁት። እርሱ «የሆነውን እንጻፍ» ቢለኝ፣ ማርክ ሊያስቀንሰኝ ነው ብዬ እርሳሱን ቀማሁትና 79 ብዬ ጻፍሁ። 80 ብል እንዳይነቃብኝ አንድ መቀነሴን ልብ በሉ፤ ሐሰትም ለካ ትሕትና ታውቃለች። ከሥሩም የሁለታችንን ስም አሰፈርሁ።

መምህሩ ወደ እኛ ሲደርሱ ምንም ሳይናገሩ ማስመሪያቸውን ከቱንቢው ምልክት እስከ ነጥቦቹ ዘረጉ።

«79ን የለካው ማን ነው?»

ጓደኛዬ ወደ እኔ አየ፤ አፉን ግን አልከፈተም።

መምህሩም በጥቁር ሰሌዳው ላይ ነገሩን አስረዱ። የእኔ ሒሳብ የሚሠራው ያለ ሰበቃ ለሚንሸራተት ነገር ነበር። ኳስ ግን ትንከባለላለች፤ ከከፍታው ካገኘችው ጉልበት ከሰባት እጅ ሁለቱን በመሽከርከር ታጠፋዋለች፤ ወደ ፊት ለመሄድ የሚተርፋት አምስቱ እጅ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ 80 ይሆናል ያልሁት ርቀት ከ68 ሊያልፍ አይችልም፤ የቀረችውን ጥቂት ሰበቃ ይወስዳታል። እንግዲህ ያቺ 13 ሴንቲ ሜትር የኳሷን መሽከርከር የምትናገር ብቸኛ ምስክር ነበረች፤ እኔም የደመሰስሁት እርሷን ነው።

ጋሊሊዮ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1608 ገደማ ኳሶችን በተዳፋት አንከባልሎ ከጠረጴዛ ጫፍ ይወረውር እንደ ነበር ያነበብሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በፍሎሬንስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው ወረቀቱ ላይ የተገኘው ርቀት፣ መሆን የነበረበት ርቀትና የሁለቱ ልዩነት ተጽፈዋል። ልዩነቱን አልደበቀውም።

በዚያ ቀን እኔና ጓደኛዬ እኩል ዜሮ ተሰጠን። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አብረን ሄድን፤ ቱንቢውን ቀጥ አድርጎ ይዞት እንደ ነበር ግን ሳልነግረው ተለያየን።