ቀለሙ የት ሄደ?

ስለ ኮምፒውተር ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው አዲሱ ነው። እኔ ግን ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አሮጌው ነው፤ በየትምህርት ቤቱ አቧራ ለብሶ ስለሚቀመጠው።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ሞጣ ነው። አክስቴ ደግሞ ቢቸና ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ዓምና በሴሚስተር ዕረፍት «አንተ የኮምፒውተር ተማሪ አይደለህ? እስቲ ናና ይቺን ነገር እያት» ብላ ጠራችኝ። ትምህርት ቤቱ በእርዳታ ያገኘው አንድ ኮምፒውተርና አንድ ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን አለው። ኮምፒውተሩ 512 ሜጋባይት ራም ብቻ ስላለው፣ ከፍላሽ የሚመጣ ቫይረስም ስላስቸገረው፣ ሊኑክስ ተጭኖበታል። ስክሪኑ ትንሽ ነው፤ ለ60 ተማሪ አይሆንም። ስለዚህ በቢጫው ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዘውታል። ምስሉ ይመጣል፣ ግን ጥቁርና ነጭ ነው።

«ታዲያ ምን አለበት? እኛም ያደግነው በጥቁርና ነጭ ነው» ያሉ መምህር ነበሩ። ችግሩ ግን ትምህርቱ ላይ ነው። ቪዲዮው ስለ ሊትመስ ወረቀት ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ሰማያዊውን ወደ ቀይ፣ የአመድ ውሃ ደግሞ ቀዩን ወደ ሰማያዊ ሲቀይር ያሳያል። ቀለም ከሌለ ሁለቱም ግራጫ ናቸው። ልጆቹ «ተቀየረ» ሲባል ይሰማሉ እንጂ ሲቀየር አያዩም። እውነተኛው ሊትመስ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የለም። አንድ ጠጋኝ መጥቶ «ቴሌቪዥኑ አልቆለታል፣ ሌላ ግዙ» ብሎ ሄዷል። በምን ገንዘብ?

መጀመሪያ ከጎረቤት ሻይ ቤት የዲሽ ሪሲቨር ተውሰን በዚያው ቢጫ መሰኪያ ሰካነው። ቀለሙ ቁልጭ ብሎ መጣ! እንግዲህ ቴሌቪዥኑ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቢጫው ገመድ የሚሄደው ምልክት ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ አሽጎ ነው የሚይዘው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1953 ያጸደቁት ኤንቲኤስሲ የሚባለው ስልት 525 መስመር አለው፤ ቀለሙን የሚጭነው 3.58 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። በጀርመን የተፈለሰፈው ፓል ደግሞ 625 መስመርና 4.43 ሜጋኸርዝ ይጠቀማል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1984 በቀለም ማሰራጨት ሲጀምር የተጠቀመው በፓል ነው፤ አገራችን የገቡት ቴሌቪዥኖችም ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ኮምፒውተሩ ኤንቲኤስሲ ሲልክ፣ ቴሌቪዥኑ ብርሃኑን ይረዳል፤ ቀለሙ ግን ለእሱ የባዕድ ቋንቋ ነው፣ ስለዚህ ይተወዋል።

የኮምፒውተሩ ካርድ ራዲዮን ነበር። ሊኑክስ ላይ «ኤክስራንድአር» በሚባለው ትእዛዝ የካርዱን መውጫዎች ዘረዘርን። «ቲቪ ስታንዳርድ» የሚል መስመር አለ፤ ፊት ለፊቱ ኤንቲኤስሲ ይላል። ፓል በሚለው ተካነው። ስክሪኑ አንዴ ጥቁር ሆነና ተመለሰ፣ ከነቀለሙ። አክስቴ እልል አለች!

ደስታው ሳያልቅ መብራት ሄደ። ሲመጣ ምስሉ እንደገና ግራጫ ሆነ፤ ትእዛዙ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር በራሱ እንዲሠራ በአንድ ትንሽ ፋይል ጻፍነው፤ ለመምህራኑም በወረቀት ገልብጠን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። በማግስቱ ሊትመሱ ሲቀላ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ውይ፣ ለካ እንዲህ ነው!» አለች። ያቺን ቃል ከማንኛውም ፈተና ውጤት አስበልጣታለሁ።

ወደ ሞጣ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። እዚያም አንድ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ችግር ነበረበት። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ስለሄድኩ ከሻይ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ክፍል ውስጥ ስለ ሲግናል ስንማር «ይሄ ምን ያደርግልናል?» የምንል ብዙ ነን። ለዕረፍት አገራችሁ ስትገቡ በቅርባችሁ ያለውን ትምህርት ቤት መጋዘን አስከፍቱ። «ተበላሽቷል» የተባለው ዕቃ ምናልባት የሚያናግረው ሰው አጥቶ ይሆናል። አዲስ እስኪገዛ ስንት ክፍል ተማሪ ቀለም ሳያይ እንደሚያልፍ አስቡት።